ማንሃይም ቢዝነስ ለመማር ለምትመጡ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ማንሃይም ነኝ፣ ደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ኔካር የሚባለው ወንዝ ራይን ውስጥ የሚገባባት ከተማ። የምማረው ማኔጅመንት ማስተርስ ነው። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ልጆች ይጽፉልኛል። ሰዉ ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። እኔም መልሱን መድገም ሰለቸኝ፤ ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የገንዘብ ነገር ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ከመክፈላችሁ በፊት እያረጋገጣችሁ።

ኤምቢኤ ነው ወይስ ማስተርስ የምማረው?

ሁለቱ አንድ እየመሰላቸው የሚያመለክቱ ብዙ ናቸው። ገና ከዲግሪ የወጣችሁ ከሆነ የእናንተ ማስተርስ ነው። ኤምቢኤ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ። ክፍያውም ሌላ ዓለም ነው፤ በአሥር ሺዎች ዩሮ ነው የሚቆጠረው። እዚህ የምጽፈው ስለ ማስተርሱ ብቻ ነው።

ለማስተርሱም ቢሆን ጂማት ወይም ጂአርኢ ለሚባሉት የመግቢያ ፈተናዎች ተዘጋጁ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትም ያዙ። ጂማትን አትናቁት። እኔ «ሂሳብ እችላለሁ» ብዬ ሁለት ሳምንት ብቻ አጥንቼ ገባሁና አፍሬ ወጣሁ። ድጋሚ ለመፈተን ስንት እንደከፈልኩ አባቴ እስካሁን አያውቁም።

ጀርመን ትምህርት በነጻ አይደለም እንዴ?

በአብዛኛው ቦታ አዎ። እዚህ ግን አይደለም። ጀርመን በክልል የተከፋፈለች አገር ናት፤ ትምህርትን የሚመራው ክልሉ ነው። ማንሃይም ያለችበት ባደን ቩርተምበርግ ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በዚያ ላይ ማንም የሚከፍለው የሴሚስተር መዋጮ አለ፣ 200 ዩሮ ገደማ። ከ1,500ው ነጻ የሚሆኑ ተማሪዎች አሉ፤ የእናንተ ጉዳይ ከነሱ ይመደብ እንደሆነ ዩኒቨርሲቲውን በኢሜይል ጠይቁ። መጠየቅ አያስከፍልም።

«ታዲያ ነጻ ወደሆነው ለምን አልሄድክም?» የሚል ይመጣል። በአካባቢው ኩባንያዎች ምክንያት ነው የመጣሁት። ራይንን በድልድይ ስትሻገሩ ሉድቪግስሃፈን ነው፣ የኬሚካሉ ቢኤኤስኤፍ ያለበት። በሌላ በኩል በመኪና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቫልዶርፍ አለ፣ የሶፍትዌሩ ኤስኤፒ መቀመጫ። ፍራንክፈርትና ባንኮቿ በፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ አይሞሉም። ለቢዝነስ ተማሪ ደግሞ ግማሹ ትምህርት ያለው ከክፍል ውጭ ነው።

ሽፔርኮንቶ የሚሉት ምንድነው? ገንዘቡስ ይበቃል?

የታገደ አካውንት ማለት ነው። ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት መኖሪያችሁን ቀድማችሁ እዚያ ታስገባላችሁ። ከ2024 መስከረም ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው። እዚህ ከገባችሁ በኋላ በወር 992 ዩሮ እየተቆረጠ ይለቀቅላችኋል። ከዚያ በላይ ማውጣት አይቻልም፣ የራሳችሁ ገንዘብ ቢሆንም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ብራችን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ዩሮም አብሮ ወጣ። ለሽፔርኮንቶ ብር ሲያጠራቅም የነበረ አንድ ጓደኛዬ በአንድ ክረምት እቅዱ ግማሽ ሆነበት። እና ብሩን ስታሰሉ የዛሬውን ምንዛሪ ይዛችሁ አታቁሙ፤ መጠባበቂያ ጨምሩበት።

ይበቃል ወይ ላላችሁት፣ የእኔ ወር ይሄው። ኪራይ 380። የጤና መድን 150 ገደማ፣ እሱ ግዴታ ነው። ስልክ 10። ምግብና ሳሙና 200፣ ሥጋ ካላበዛችሁ። ተደምሮ 740። የሚተርፈው 252 ነው። ያን በስድስት ወር ስታባዙት 1,512፣ ማለትም የሴሚስተሩ ክፍያ። አሥራ ሁለቷ ዩሮ የእኔ ናት፣ ያውም 200ውን መዋጮ ሳልቆጥር። ጫማ ቢቀደድ፣ ላፕቶፕ ቢበላሽ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ለዚህ ነው ሁሉም ሥራ የሚፈልገው።

እየሠሩ መማርስ?

ይቻላል። ሕጉ ከ2024 ጀምሮ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ይፈቅዳል። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በ2026 መጀመሪያ 13.90 ዩሮ ሆኗል። ወረቀት ላይ ደስ ይላል። እውነቱ ግን ጀርመንኛ ሳይኖር የሚገኘው ሥራ መጋዘን፣ ምግብ ማድረስ፣ ሆቴል አልጋ ማንጠፍ ነው። ሁሉም ክቡር ሥራ ነው። ነገር ግን ማታ መጋዘን አድሮ ጠዋት ፋይናንስ ክፍል መቀመጥ እንዴት እንደሚያንገላታ ሞክሬዋለሁ። አንዴ ሌክቸር ላይ እስክሪብቶ ይዤ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ደብተሬ ላይ አንድ ረጅም ሰማያዊ መስመር ብቻ ነው የቀረው።

ፈልጉ የምላችሁ ቬርክሽቱደንት የሚባለውን ነው። በትምህርት ዘርፋችሁ ኩባንያ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ማለት ነው። ከተመረቃችሁ በኋላ የሚቀጥራችሁም ብዙ ጊዜ ያው ኩባንያ ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግን ተዉት። መጀመሪያ አገሩን ልመዱ።

ቤት ከአዲስ አበባ ሆኜ ልከራይ?

መጀመሪያ የተማሪ መኖሪያ ሕንጻ አመልክቱ። መቀበያ ወረቀታችሁ በመጣበት ቀን፣ በማግስቱ አይደለም። ካልተገኘ ቬጌ አለ፤ ሦስት አራት ሆኖ አንድ አፓርታማ መጋራት ነው፣ የየራስ መኝታ ቤት ያለው። ማስታወቂያ ላይ «ቀዝቃዛ ኪራይ» እና «ሙቅ ኪራይ» የሚሉ ሁለት ዋጋዎች ታያላችሁ። ቀዝቃዛው ማሞቂያና ሌላ ወጪ ያልተጨመረበት ነው። በርካሹ አትደሰቱ፤ የምትከፍሉት ሙቁን ነው። ማስያዣ እስከ ሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ከዚያ በላይ ሕግ አይፈቅድም።

ቤቱን ሰው ሳያይላችሁ ብር አትላኩ። «አሁን ለንደን ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ሌባ ነው። አትከራከሩት፣ ዝጉት።

ስለ አድራሻ አንድ ነገር። የማንሃይም መሃል ከተማ በሰንጠረዥ የተሠራ ነው። አብዛኛው ቦታ በመንገድ ስም ሳይሆን በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠራው፣ «ኤል 5»፣ «ኪው 7» እየተባለ። ሌላ አገር ሰው ይደናገራል። «ከማደያው ዝቅ ብሎ፣ ከሱቁ ጀርባ» እየተባለ ለሚያድግ ልጅ ግን ይሄ ቅንጦት ነው።

ከአውሮፕላን ወርጄ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

አንሜልዱንግ። ቤት ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አድራሻችሁን ታስመዘግባላችሁ። ቀጠሮውን አገር ቤት ሆናችሁ ኢንተርኔት ላይ ያዙ፣ ይሞላል። አከራዩ የሚፈርምበት ወረቀት አለ፤ ያንን ሳትይዙ አትሂዱ። ባንኩም፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ስትመዘገቡ በሚሰጣችሁ ወረቀት ነው የሚያልፈው።

ከተመዘገባችሁ በኋላ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ የሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ በወር 18.36 ዩሮ። ቲቪ የለኝም ማለት አያዋጣም። ክፍያው በቤት እንጂ በሰው አይደለም፤ አብረዋችሁ ከሚኖሩት ጋር ተካፈሉ።

ቀጥሎ የፖስታ ሳጥን። ጀርመን በደብዳቤ የምትኖር አገር ናት። ባንኩ የካርዱን ሚስጥር ቁጥር በፖስታ ነው የላከልኝ። እኔ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ስሜን አልለጠፍኩም። ማን ነግሮኝ? ፖስተኛው ስሙን ካላገኘ ደብዳቤውን ይመልሰዋል። ካርዴ በኪሴ እያለ ሦስት ሳምንት ከአንድ የኤርትራ ልጅ እየተበደርኩ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ጓደኛሞች ነን።

ሰው ሁሉ በአያቴ ስም የሚጠራኝ ለምንድነው?

የቤተሰብ ስም ስለሌለን ነው። የእኔ ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የገባው የአያቴ ስም ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ስቀመጥ ነርሷ ወጥታ «ሄር» (አቶ ማለት ነው) ብላ አያቴን ትጠራለች። አያቴ እኔ ሳልወለድ ነው ያረፉት። መጀመሪያ ላይ ዞር ብዬ ሰው አይ ነበር፣ አሁን እነሳለሁ። እናቴ ስትሰማ «ይኼው በፈረንጅ አገር ስማቸው ተጠራ» አለች።

ምክሬ አጭር ነው። የትኛውም ቦታ ላይ ፓስፖርቱ እንደሚለው ጻፉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድም ሳትቀይሩ። በዲግሪው ላይ በአንድ ኤስ፣ በፓስፖርቱ ላይ በሁለት የተጻፈ ስም እዚህ ሁለት ሰው ነው።

ክፍል ውስጥ ከባዱ ምንድነው?

ሁሉም ሰው ስታቲስቲክስ እንድል ይጠብቃል። ስታቲስቲክስ ይጠናል። እኔን የከበደኝ «እሺ» ነው።

ላስረዳ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ለአምስት አንድ ኬዝ ተሰጠን፣ አንድ ኩባንያ ዋጋ ይጨምር ወይስ ይተወው የሚል። አንዷ ጀርመናዊት ሥራውን አከፋፈለች። ዕለቱ ሰኞ ነው። «አንተ የተፎካካሪዎቹን ክፍል እስከ ሐሙስ ትጨርሳለህ?» አለችኝ። «እሺ» አልኩ። እንደማልጨርስ እያወቅኩ። ረቡዕ ሌላ ማስረከቢያ ነበረብኝ። ግን ሰው ፊት ለፊት እንዴት አልችልም ይባላል? በእኛ ቤት እሺ ማለት ሰምቼሻለሁ፣ አላሳፍርሽም፣ የቀረውን እግዜር ያውቃል ማለት ነው። በነሱ ቤት ፊርማ ነው።

ሐሙስ ግማሹን ይዤ ቀረብኩ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ላፕቶፗን ከደን አድርጋ «ሰኞ ብትነግረን ለሁለት እንከፍለው ነበር» አለችኝ፣ በጣም በተረጋጋ ድምፅ። ጆሮዬ ጋለ። ማታውኑ አራት ሆነን እስከ ስድስት ሰዓት ሠራነው። እኔ ያልኩት እሺ የሦስት ሰው ምሽት በላ።

ተገላቢጦሹም አለ። እነሱ «ይሄ ስህተት ነው» ሲሉ መስደባቸው አይደለም። ስላይዱን ነው ያሉት፣ አንተን አይደለም። አንድ ልጅ የሠራሁትን ሠንጠረዥ በሰው ሁሉ ፊት አፈራርሶ ሲያበቃ «ምሳ እንሂድ?» ብሎኛል። እኔ ለሁለት ቀን ላኮርፈው አስቤ ነበር። ሄድን፣ በላን፣ ለካ ነገሩ አልቋል።

እጅ ማውጣትም ልመዱ። አስተማሪ ፊት ዝም ማለት እኛ ጋ ጨዋነት ነው። እዚህ ዝም ያለ ተማሪ ወይ አላነበበም ወይ አልገባውም። አንዳንዱ ኮርስ ላይ ደግሞ ተሳትፎ ነጥብ አለው። የመጀመሪያ ጥያቄዬን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ አሥር ጊዜ በልቤ ደግሜ ነው የጠየቅኩት። ፕሮፌሰሩ መልሱን አላውቅም ብለው ለሚቀጥለው ሳምንት ይዘውት መጡ። ያን ቀን ቤቴ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

እና ሌክቸር ሲያልቅ ሁሉም ሰው በጣቱ አንጓ ጠረጴዛውን ሲደበድብ አትደንግጡ። ጭብጨባቸው ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ተማሪው ያመፀ መስሎኝ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር።

ውጤት እንዴት ነው የሚሰጠው?

ከ1.0 እስከ 5.0። ምርጡ 1.0 ነው። 4.0 ማለፊያ፣ 5.0 ውድቀት። የመጀመሪያ ውጤቴን ለእናቴ በደስታ «1.3 አመጣሁ» አልኳት። ስልኩ ጸጥ አለ። ቆይታ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ዋናው ጤና ነው» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው እህቴ ናት የተቆጣችው፣ «አራት ነጥብ ስታመጣ የነበርክ ልጅ!» ብላ። ለቤተሰብ ስትነግሩ መጀመሪያ ሚዛኑን አስረዱ።

አንድ የማይቀለድበት ነገር፦ የወደቃችሁበትን ፈተና የምትደግሙት በተወሰነ ቁጥር ብቻ ነው። ግዴታ የሆነ ኮርስ ላይ የመጨረሻው ሙከራ ካመለጠ ያንን የትምህርት ዓይነት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲም መቀጠል ላይቻል ይችላል። የታመማችሁ ቀን ፈተና አትግቡ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ወረቀት አውጡ።

ጀርመንኛ ሳልችል ይሆናል?

ለመማር ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ መጨረስ ይቻላል። ለመኖርና ለመቀጠር ግን አስቡበት። አገር ቤት እያላችሁ ቢያንስ የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሳችሁ ኑ። አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት አለ።

ምግብስ? ጾምስ?

ጾም እዚህ ቀላል ነው ብል ታምናላችሁ? ቬጋን የምትለዋን ቃል ያዙ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለውም ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ሜንዛ፣ ማለትም የተማሪ ምግብ ቤት ውስጥ ቬጋን ምግብ ይገኛል፣ ሱፐርማርኬቱም ሞልቷል። ሁዳዴን ሃምሳ አምስቱንም ቀን ጾሜያለሁ። የክፍሌ ልጆች ቬጋን የሆንኩ መስሏቸው «ለአየር ንብረቱ ነው?» ይሉኛል። ፋሲካ ማግስት ዶሮ ስበላ ያየችኝ ልጅ ፊቷ አይረሳኝም።

ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ኑ። ንጥር ቅቤና ቋንጣ ግን ተዉ፤ የሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እናቶች ይሄን አይሰሙም። በጨርቅ ጠቅልለው ሻንጣው ጥግ ይከቱላችኋል፤ ፈትሹ። ጫት ደግሞ ጀርመን ውስጥ በአደገኛ ዕፅ ሕግ ነው የሚታየው፣ ለጓደኛ ብላችሁ እንዳትሸከሙ። እንጀራ ፍራንክፈርት ካሉት የሐበሻ ሱቆች ይገኛል። ቅዳሜ ሄጄ ሃያ ገዝቼ ፍሪዘር ውስጥ እከታለሁ።

ብቸኝነት እንዴት ነው?

አለ። ታኅሣሥ ላይ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ይጨልማል። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ መንገዱ ጭር ይላል። የመጀመሪያው ገና እኛ ጋ ዶሮ ሲገነጠል እኔ ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ፣ ለነሱ ተራ የሥራ ቀን ነው። እንቁጣጣሽም ሴሚስተሩ በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው የሚውለው፤ እዚህ ትምህርት የሚጀመረው ከሌላው ጀርመን ቀድሞ፣ በመስከረም ነው።

የጠቀመኝን ልንገራችሁ። የሰዓት ልዩነቱ እዚህ ብርድ በሆነበት ወራት ሁለት፣ ሙቀት በሆነበት አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ እናቴ ቡና ስታፈላ እደውላለሁ። ስልኩን ረከቦቱ ጎን ታቆመዋለች። ብዙ አናወራም፣ ሲኒ ሲንኳኳ መስማት ይበቃኛል። ሌላው ብስክሌት ነው፤ ከተማዋ ሜዳ ናት። ለነገሩ ካርል ድራይስ የሚባል ሰው በ1817 የብስክሌትን አያት የነዳው ከማንሃይም ተነስቶ ነው። የእኔን በ80 ዩሮ አሮጌ ገዛሁ፣ ፍሬኑ ይጮኻል። አመሻሽ ላይ በራይን ዳር ስነዳ ጭንቅላቴ ይከፈታል።

ሁለት ሳምንት ከአልጋ መነሳት ካቃታችሁ ግን በብስክሌት አይፈታም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ለተማሪ የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥ ቢሮ አለ። ሂዱ። ማንም ለሰፈር አይናገርም።

ቤተሰብ ብር ላክ ቢሉኝስ?

ይላሉ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ፈረንጅ አገር የገባ ሁሉ ያለው ይመስላቸዋል። እኔ የወር ወጪዬን በብር አስልቼ ለታላቅ ወንድሜ ላክሁለት። ለሌሎቹ እሱ አስረዳልኝ።

ከተመረቅኩ በኋላ መቆየት እችላለሁ?

ሥራ መፈለጊያ እስከ 18 ወር የሚሰጥ ፈቃድ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈለጋችሁትን ሥራ ሠርታችሁ መኖር ትችላላችሁ። የሚመለሱም አሉ፣ የሚቆዩም አሉ። እኔን አትጠይቁኝ፣ አክስቴ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች።

ሻንጣ ውስጥ ምን ልክተት?

ጃኬት አይደለም፤ የአዲስ አበባ ጃኬት ለዚህ ብርድ ሹራብ ነው፣ እዚሁ አሮጌ ግዙ። የዲግሪና የትራንስክሪፕት ዋናው፣ በእጅ ሻንጣ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ትርፍ መነጽር። አንድ ጥሩ ልብስ ለኢንተርቪው። የቻርጀር አዳፕተር አትግዙ፣ ባለ ሁለት ክቡ ሶኬት እዚህም ይገባል።

እና አንድ ወፍራም እስክሪብቶና ፕላስተር፣ ከላይ የሚገኝ ኪስ ውስጥ። በደረሳችሁበት ማታ፣ ሻንጣውን ሳትፈቱ፣ ወርዳችሁ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስማችሁን ለጥፉ። የአያታችሁንም ጨምሩ።